በር ላይ የጠፉት አርባ አንድ ሰከንዶች

የአዳማ አውሎ ነፋስ የስልክ ጌም ቡድን
የውጊያ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ
የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር 9

ቀን፦ እሁድ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አዳማ፣ ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ፣ በወ/ሮ ጥሩነሽ የጨርቃ ጨርቅ መደብር የኋላ ክፍል
ስብሰባው የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡14

የዘገየበት ምክንያት፦ አባላት በሙሉ በሰዓቱ ደርሰዋል። ሆኖም የክፍሉ በር በተደረደረው ጣቃ ምክንያት ጠቦ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያስገባ፣ ማን ይቅደም በሚለው ላይ ከበሩ ውጪ ምክክር ሲደረግ ቆይቷል። ጸሐፊዋ በዕድሜም በማዕረግም ታናሽ በመሆኗ መጨረሻ ገብታለች።

የተገኙ፦
1. አቶ ተክለሃይማኖት፣ ሰብሳቢና የቡድኑ መሪ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር
2. ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ አባል፤ የመደብሩ ባለቤት፤ በውጊያ ላይ ቦምብ ወርዋሪ
3. ጉደታ፣ አባል፤ የባጃጅ ሹፌር፤ በውጊያ ላይ አነጣጣሪ
4. ፍሬዘር፣ አባል፤ ሞባይል ጠጋኝ፤ በውጊያ ላይ ፊታውራሪ
5. ሉሊት፣ ጸሐፊ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ተጠባባቂ ተጫዋች

ያልተገኘ፦ ምንተስኖት፤ ባለቤቱ ጌሙን ከስልኩ ላይ ስላጠፋችበት። ፈቃድ ባይጠይቅም ኮሚቴው ማዘኑን ገልጿል።

ምልአተ ጉባኤ፦ ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል።

መግቢያ

ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት መብራት ስለሌለ ማራገቢያው እንደማይሠራ፣ ሙቀቱንም በትዕግሥት እንድንችለው በማሳሰብ ነው። ቀጥለው የተሰበሰብንበትን ጉዳይ አስረዱ። ቡድናችን ትናንት ቅዳሜ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጌም ውድድር ፍጻሜ ከሻሸመኔው ቡድን ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ አድርጎ ተሸንፏል። የመልሱ ጨዋታ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ውድድሩ በዓመት አንዴ ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ አንድ ቡድን አራት ተጫዋች ያሰልፋል። ከአራቱ አንዱ ከተቀጣ በቦታው የሚገባው ተጠባባቂ ነው።

ተጠባባቂዋ ጸሐፊዋ ናት። ይህ የሰፈረው ለመረጃ ያህል ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ስምንት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቷ ከመዝገብ መደርደሪያ ጀርባ ቆማ ስትለማመድ መክረሟም ለመረጃ ያህል ተጠቅሷል።

አጀንዳ 1፦ የቅዳሜው ስህተት ሊወገድ ይችል እንደነበር ማጣራት

ፍሬዘር በስልኩ የቀዳውን የውጊያ ምስል ለኮሚቴው አሳይቷል። በምስሉ እንደታየው፣ በውጊያው ማብቂያ ላይ ሜዳው እየጠበበ መጥቶ የቀረው መሸሸጊያ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፍሬዘር ሮጦ ገብቷል። ሰብሳቢው፣ ወ/ሮ ጥሩነሽና ጉደታም ጭረት ሳይነካቸው፣ ሙሉ ትጥቅ እንደያዙ በሩ ላይ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በማይክ የተሰማው ቃል በቃል እንዲያዝ ፍሬዘር አጥብቆ ስለጠየቀ እነሆ ተይዟል፦

«ይግቡ ጋሼ።»
«ኧረ አንቺ ቅደሚ ጥሩነሽ።»
«እርስዎ ቆመውማ አይሆንም! በሞቴ ይግቡ!»
«ጉደታ፣ አንተ ግባ የኔ ልጅ፣ ጥይቱ እየበዛ ነው።»
«ሂን ታኡ ጋሼ! አይሆንም! እናንተ ደጅ ቆማችሁ እኔ ልግባ?»
«ኧረ ግቡ!» (ይህ ፍሬዘር ነው፤ ከውስጥ።)
«እሺ በቃ፣ እኩል እንግባ።»

በሩ እኩል አያስገባም። አርባ አንድ ሰከንድ እንዳለፈ አንድ ቦምብ መጥቶ ሦስቱም በአንድነት ወድቀዋል። ወ/ሮ ጥሩነሽ እየወደቁ «ይኸው፣ ቢገቡ ኖሮ» ሲሉ ይሰማል። ፍሬዘር ብቻውን ከአራት ሰው ጋር ስድስት ሰከንድ ተዋግቷል።

ፍሬዘር በተጨማሪ ከሻሸመኔው ቦምብ ወርዋሪ የደረሰውን መልእክት አንብቧል። ልጁ ሦስት ሰው በተከፈተ በር ፊት ዝም ብሎ ሲቆም ወጥመድ መስሎት ሠላሳ ሰከንድ ያህል እንደጠበቀ፣ በኋላ ግን ክፍት በነበረው ማይካቸው «ይግቡ አይሆንም» ሲባባሉ ሰምቶ ነገሩ ሲገባው እጁ እየከበደው መወርወሩን ጽፏል። ሰብሳቢው ልጁ የሰው ልጅ መሆኑን ተናግረው ምስጋና እንዲደርሰው ጠይቀዋል። ፍሬዘር ተቃውሟል።

በውይይቱ የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ወ/ሮ ጥሩነሽ ጥፋቱ የበሩ እንጂ የሰው እንዳልሆነ፣ ሁለት ሰው እንኳ የማያስገባ በር የሠራ ሰው ሊጠየቅ እንደሚገባ አስረድተዋል። ጉደታ ይህንን ደግፎ በሩ እንዲሰፋ ለጌሙ ድርጅት በሁለት ቋንቋ ደብዳቤ ይጻፍ ብሏል። ፍሬዘር ድርጅቱ የት አገር እንዳለ እንኳ እንደማናውቅ ሲያስታውስ፣ ጉደታ ለዚህ ነው በሁለት ቋንቋ ያልኩት ሲል መልሷል።

ፍሬዘር ወ/ሮ ጥሩነሽ በዚያው ውጊያ መሃል ስልካቸውን አስቀምጠው ለደንበኛ አራት ሜትር ከፋይ ጨርቅ እንደለኩም በምስሉ ላይ በሚሰማው የመቀስ ድምፅ አረጋግጧል። ወ/ሮ ጥሩነሽ አላስተባበሉም። ደንበኛዋ ከአቦምሳ ድረስ ለሠርግ ልብስ የመጣች በመሆኗ «ቆይ ሰው ልግደልና ልለካልሽ» ማለት ነውር መስሎ እንደታያቸው ገልጸዋል። ይህ ምክንያት በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ሰሌዳ እንዳለ ሁሉ በጣታቸው አየር ላይ እየጻፉ አስልተዋል። አንድ ሰው በሩን ለማለፍ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሦስት ሰው ስድስት ሰከንድ። ስለዚህ የባከነው ሠላሳ አምስት ሰከንድ ነው። ይህን ካሉ በኋላ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ማን የመጀመሪያውን ሁለት ሰከንድ ይወስዳል የሚለውን ሒሳብ እንደማይመልሰው አምነዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ስህተቱ ሊወገድ ይችል እንደነበር፣ ነገር ግን ማንም ሊያስወግደው ይችል እንዳልነበር ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ቅጣት

በቅድሚያ የቅጣት ዓይነቶች ላይ ሐሳብ ተሰብስቧል። ጉደታ ጥፋተኛው ለአንድ ወር በጌሙ ውስጥ በባዶ እግሩ እንዲሄድ ሐሳብ አቅርቧል። ፍሬዘር በጌሙ ውስጥ ጫማ ማውለቅ ፍጥነትም ጉልበትም እንደማይቀንስ አስረድቷል። ሰብሳቢው ውርደት በፍጥነት እንደማይለካ ተናግረዋል። ሐሳቡ ለጊዜው ታልፏል።

ከዚያ ፍሬዘር ዋናውን የቅጣት ሐሳብ አቀረበ፦ «በውጊያ ላይ፣ በር ላይ ቆሞ ሌላውን ቅደም የሚል ተጫዋች የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ ይቀመጣል።»

ይህ ሲነበብ ጸሐፊዋ ቀና ብላለች።

ወ/ሮ ጥሩነሽ ተነሥተው በቁጣ ተናግረዋል። «አንተ ልጅ፣ አባትህ የሚሆኑ ሰው ደጅ ቆመው አንተ ገብተህ በመስኮት ታያለህ! በስመ አብ! ይህንንስ ማን ይቅጣው?» ፍሬዘር «እትዬ፣ ጌም እኮ ነው። ቤቱም እኮ የእውነት ቤት አይደለም» ብሏል። ወ/ሮ ጥሩነሽ «ቤት ካልሆነ ምን አስሮጠህ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ስለዚህ ወ/ሮ ጥሩነሽ ሁለተኛውን የቅጣት ሐሳብ አቀረቡ፦ «በውጊያ ላይ ታላቁን ቀድሞ በር የገባ ተጫዋች የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ ይቀመጣል።»

ሁለቱ ሐሳቦች ተራ በተራ ድምፅ ተሰጥቶባቸዋል።

የፍሬዘር ሐሳብ፦ ሰብሳቢው በራሳቸው ላይ የቀረበን ቅጣት ቢቃወሙ ለራሱ ብሎ ነው ይባላል በማለት ደግፈዋል። ጉደታ «ጋሼ ደግፈው እኔ ብቃወም ምን ይሉኛል» ብሎ ደግፏል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ብቻቸውን መቅረት ስላልፈለጉ እጃቸውን አውጥተዋል። ፍሬዘር የራሱ ሐሳብ በመሆኑ ደግፏል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የወ/ሮ ጥሩነሽ ሐሳብ፦ ፍሬዘር፣ ሦስቱ በራሳቸው ላይ እጅ አውጥተው እኔ ባላወጣ ዓይን ይበላኛል በማለት ደግፏል። ሌሎቹም ደግፈዋል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ጸሐፊዋ ተሰላፊ ተጫዋች ባለመሆኗ በሁለቱም ድምፅ አልሰጠችም፤ ነገር ግን ውጤቱን ሁለት ጊዜ ቆጥራለች።

አጀንዳ 3፦ በስብሰባው መሃል የተጨመረ

ከቀኑ 10፡20 ላይ ለአጭር ዕረፍት ሻይና ቦምቦሊኖ ቀርቧል። ቦምቦሊኖው ስድስት ነበር። እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ በልቶ በሳህኑ ላይ አንድ ቀርቷል። ሰብሳቢው ጉደታን ብላ አሉት። ጉደታ ወ/ሮ ጥሩነሽን ጋበዘ። ወ/ሮ ጥሩነሽ «ልጅ ይብላው» ብለው ለፍሬዘር ገፉለት። ፍሬዘር ወደ ሰብሳቢው መለሰው። ሳህኑ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞሯል። በዚህ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ጠፍቷል፤ ጸሐፊዋ በሰዓቷ ይዛዋለች።

ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ የመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ቡድኑን የገደለው በሩም ቦምቡም ሳይሆን ይህ ማለቂያ የሌለው መለማመን መሆኑን፣ ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ማለቱ እንደሆነ፣ የሻሸመኔ ሰዎች እንደዚህ ቢሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬ የከተማቸውን መስቀለኛ መንገድ ባልተሻገሩ እንደነበር በምሬት ተናገረች። የሚከተለውንም ደንብ በራሷ እጅ ጽፋ አቀረበች፦

«በቡድኑ ውስጥ ማንኛውም ሰው አንድ ነገር ተጋብዞ አንድ ጊዜ ‹አይሆንም› ካለ፣ ሁለተኛ አይለመንም። ቃሉ የመጨረሻ ይሆናል።»

ሰብሳቢው ደንቡ አጭር፣ ግልጽና ቁም ነገር ያለበት መሆኑን ጠቅሰው የጸሐፊዋን የእጅ ጽሑፍም አድንቀዋል። ፍሬዘር «ጨርሰሽዋል ሉሊ!» ብሏል። በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ጸድቆ ከዚያው ደቂቃ ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል።

በአዲሱ ደንብ መሠረት ሰብሳቢው ቦምቦሊኖውን ለእያንዳንዱ አባል አንድ ጊዜ ብቻ ጋብዘዋል። ሁሉም ከልማድ የተነሣ አንድ ጊዜ «አይሆንም» ብሏል፤ ጸሐፊዋም ጭምር። ቦምቦሊኖው በሳህኑ ላይ ቀርቷል።

አጀንዳ 4፦ የቅዳሜ ተሰላፊዎች

ጸሐፊዋ በአጀንዳ 2 የጸደቁት ቅጣቶች ተፈጻሚ ሲሆኑ የሚሰጡትን ውጤት እንድታነብ ታዘዘች። አነበበች። ሰብሳቢው፣ ወ/ሮ ጥሩነሽና ጉደታ በር ላይ ቆመው ቅደሙ በመባባላቸው ቅዳሜ አይሰለፉም። ፍሬዘር ታላቆቹን ቀድሞ በመግባቱ ቅዳሜ አይሰለፍም። በመሆኑም ቅዳሜ ከሻሸመኔ ጋር የሚጋጠመው የአዳማ አውሎ ነፋስ ቡድን፣ አንድ ሉሊት ነው።

ከመንገድ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። ጉደታ ቆጥሮ «አራቱንም ነው የቀጣነው?» ሲል ጠየቀ። አራቱንም መሆኑ ተረጋገጠለት።

ፍሬዘር ከአራት ሰው ያነሰ ቡድን በውድድሩ መሰለፍ እንደማይችል አስታወሰ። ሰብሳቢው ስለዚህ ቢያንስ ለሦስት ሰው ምሕረት መደረግ እንዳለበት፣ አንዱ ግን ለሕጉ ክብር ሲባል መቀመጥ እንዳለበት ወሰኑ። ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሦስቱ «እኔ» «እኔ ልቀመጥ» እያሉ ስለተሻሙ ክርክሩ አሥር ደቂቃ ወስዷል። ፍሬዘር ብቻ ዝም ብሏል፤ ዝምታው በወ/ሮ ጥሩነሽ ዓይን ተመዝግቧል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው የሚከተለውን ተናገሩ። «እኔ አርጅቻለሁ። ዓይኔም ጣቴም ይዘገያል። ይህች ልጅ ስምንት ወር ሙሉ የኛን ወሬ ስትጽፍ ከረመች፤ አንድ ቀን እንኳ አሰልፉኝ ብላ አልጠየቀችም። ቦታዬን ለሷ ለቅቄአለሁ። ግቢ ልጄ።»

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ግዴታዋ ነው። ቅዳሜ የትኛውን ጠመንጃ እንደምትይዝ እንኳ አስባ ጨርሳለች። አፏ ግን ከሷ ቀድሞ፦

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ እያሉማ አይሆንም!»

ይህ አባባል በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የመጀመሪያው «አይሆንም» ሰላምታ ነው። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ ተጋባዡ «ኧረ» ይላል፤ ጋባዡ ሦስተኛ ሲለምን ተጋባዡ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ጸሐፊዋ እናቷ ያሳደገቻት እንደዚህ ነው። ሁለተኛውን ልመና አንገቷን አዘንብላ ስትጠብቅ ነበር።

ሰብሳቢውም «በሞ...» ብለው ጀምረዋል። በዚህ ቅጽበት ፍሬዘር ጣቱን አንሥቶ አጀንዳ 3ን አስታወሰ።

ሰብሳቢው አፋቸውን እንደከፈቱ ቆዩ። ደንቡ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ጸሐፊዋ የራሷን ጽሑፍ በራሷ ድምፅ አነበበች፤ «ቃሉ የመጨረሻ ይሆናል» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ስላልተሰማ ድገሚው ተባለች። ደገመችው።

ሰብሳቢው ሠላሳ አራት ዓመት ሕግ ለተማሪ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ከራሳቸው መጀመር እንዳለባቸው ተናገሩ። «እሺ ልጄ። ካልሽ እሺ» አሉ፤ መነጽራቸውንም መልሰው አደረጉ። ጉደታ «ታዲያ የኔን ቦታ ብንሰጣትስ?» ብሎ ጠየቀ። ፍሬዘር «የጋበዟት መሰለፍን ነው፣ አይሆንም ብላለች፣ የማንም ቦታ ቢሆን ነገሩ አንድ ነው» አለ። ኮሚቴው ይህን የሕግ ትርጉም በሐዘን ተቀብሏል።

ጸሐፊዋ የተናገረችው እንዳልተባለ እንዲቆጠር ጥያቄ አቀረበች። ጥያቄው ለመታየት አንድ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ለመደገፍ ፈልገው ሰብሳቢው ሳይናገሩ መቅደም ስላልፈለጉ ወደ እሳቸው አዩ። ሰብሳቢው ሴት ትቅደም ብለው ወደ ወ/ሮ ጥሩነሽ አዩ። ጉደታ ሁለቱንም ጠበቀ። ለደጋፊ የተፈቀደው አንድ ደቂቃ በዚህ አለቀ። ጥያቄው በደጋፊ እጦት ወድቋል።

ጸሐፊዋ በጣም ማዘኗ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ተይዟል። በፍሬዘርም በደንቡም ላይ ተናዳለች፤ ከሁሉ ይልቅ የተናደደችው ግን በራሷ አፍ ነው።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ተጠባባቂዋ ካልገባች ማንንም አስቀምጦ አራት ሰው መሙላት እንደማይቻል፣ ስለዚህም ቅጣቶቹ በሙሉ ለሁላችንም መነሣት እንዳለባቸው አስረድተዋል። ወ/ሮ ጥሩነሽ እንደዚያ ከሆነ የልመናው ደንብም አብሮ ይነሣ፣ ያለዚያ ሰው ቤቴ መጥቶ አንዴ አይሆንም ብሎ ተርቦ ይሄዳል አሉ። ጉደታ ደብዳቤውም ይቅር፣ ቋንቋው አስቸጋሪ ነው ብሏል።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ. በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ተሽረዋል። ስህተቱ ሊወገድ ይችል ነበር የሚለውም ተሽሯል።

ለ. ቅዳሜ የሚሰለፉት ትናንት የተሰለፉት አራቱ ናቸው። በር ላይ ሲደርሱ እንደ አስተዳደጋቸው ያደርጋሉ።

ሐ. ጸሐፊዋ «የልመናው ደንብ ከተሻረ ጋሼ እንደገና ሊለምኑኝ ይችላሉ ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ሰብሳቢው ዓይኗን ሳያዩ፣ «አይሆንም» የተባለው ደንቡ በሥራ ላይ እያለ በመሆኑ መሻሩ ወደኋላ እንደማይሠራ መልሰዋል። እምቢታዋ ጸንቷል። በተጠባባቂነቷ ትቀጥላለች።

መ. የጸሐፊዋ የእጅ ጽሑፍ በድጋሚ ተመስግኗል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡40 ተጠናቋል። አባላት ለመውጣት ተነሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ሰብሳቢው ወደ ጎን ቆመው «ቅደሚ ልጄ» አሏት። ጸሐፊዋ «አይሆንም» አላለችም።

ከክፍሉ የተወጣበት ሰዓት እንደሚከተለው ተመዝግቧል። አቶ ተክለሃይማኖት፣ ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ ጉደታና፣ በዛሬው ትምህርት ተገርቶ በመጨረሻ የቆመው ፍሬዘር፣ ከቀኑ 11፡52 ላይ ወጥተዋል።

ጸሐፊዋ በ11፡41 ወጥታለች፤ ቦምቦሊኖውን ይዛ።